መብራት መግዛትም እንልመድ

ክቡራትና ክቡራን፤ ውድ የምሕንድስና ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ጎረቤት አገሮች መብራት ይጋሩ ሲባል እኛ ዘንድ ወሬው ሁሌ ሽያጭ ነው። ለጅቡቲ ሸጥን፣ ለኬንያ ሸጥን፣ ዶላር ገባ። ጥሩ ነው፤ ዶላሩን እንፈልገዋለን። ዛሬ ግን ስለ መግዛት ላወራችሁ ነው የመጣሁት።

የወላይታ ሶዶውን መስመር ታውቁታላችሁ። 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል። 500 ኪሎ ቮልት ዲሲ ነው፤ ማለትም ኃይሉ በአንድ አቅጣጫ በሚፈስ ቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) ይጓዛል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል። በ2015 ዓ.ም. ሽያጩ ሲጀመር ግን ውሉ ለመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት 200 ሜጋ ዋት ነበር። ብዙ ቦታ ተርፎታል ማለት ነው። ደግሞ አቅጣጫው ሊቀየር ስለሚችል ኃይል ከእኛ ወደ ኬንያም፣ ከኬንያ ወደ እኛም ማሳለፍ ይችላል።

(ምሰሶው በማሳው አልፎ እሱ ግን በኩራዝ የሚያመሽ ገበሬ አለ። የዲሲ መስመር እንደ ሰፈር ሽቦ መሀል ላይ አይቀጠልም። ይህን ለገበሬው ማስረዳት ግን ይከብዳል። ከሽያጩ ገቢ ለገጠር መብራት የሚቆረጥ ድርሻ ቢኖር እወዳለሁ።)

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኬንያ ኦልካሪያ ላይ ከመሬት ሥር በሚወጣ እንፋሎት ኃይል ታመነጫለች። እንፋሎቱ ዝናብ አይጠብቅም። ሌሊት ናይሮቢ ስትተኛ ግን ፈላጊ ያጣና ከፊሉ ዝም ብሎ ይለቀቃል። የእኛ ኃይል አብዛኛው ከውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ግድብ ውስጥ ይቆያል። ታዲያ ሌሊት የእነሱን እንፋሎት በርካሽ ገዝተን ውሃችንን ብናቆጥብ፣ ምሽት ላይ ጭነቱ ሲበዛባቸው መልሰን ብንሸጥላቸው ማን ይከስራል?

ግንቦት 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀነሰ፤ መብራት በፈረቃ ሆነ። ለሱዳንና ለጅቡቲ የምንልከውም ተቋረጠ። ያኔ የሶዶው መስመር ሥራ አልጀመረም ነበር። «አሁን 5,150 ሜጋ ዋት ያለው ህዳሴ አለን» ትሉኝ ይሆናል። እሱም የሚሞላው በዝናብ ነው። ስለዚህ የመግዣ ውሉን ግድቦቻችን ሞልተው ሳለ እንፈራረም። በችግር ጊዜ የሚደራደር ሰው ዋጋ አይመርጥም።

ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ያለው የምሥራቅ አፍሪካ ፓወር ፑል (የአካባቢው አገሮች የኤሌክትሪክ መረባቸውን ለማገናኘት ያቋቋሙት ድርጅት)፣ አገሮች የነገን ኃይል ዛሬ የሚገበያዩበትን የጋራ ገበያ እያዘጋጀ ነው። የኬንያና የታንዛንያ መስመርም ተገናኝቷል። ገበያው ሲከፈት መቼ እንግዛ፣ መቼ እንሽጥ የሚለውን ሰዓት በሰዓት የሚያሰላ ባለሙያ ያስፈልገናል። ይህን ሥራ ከእናንተ መካከል የሚይዘው ካለ፣ ከንግግሩ በኋላ ቢያገኘኝ ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።