መብራት ሲሄድ ና

ሰላም፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ቃል እንደገባነው ዛሬ ስለ ገንዘብ ነው የምናወራው። ጎንደር ላይ ትንሽ የቀረጻ ስቱዲዮ ከፍቶ እንጀራ መብላት ይቻላል ወይ? ዋጋስ እንዴት ነው የሚወጣው? የራሱን ስቱዲዮ የከፈተው አበጀ ለዚህ ብሎ የሒሳብ ደብተሩን ይዞ መጥቷል።

አበጀ፦ ደብተሩን ረስቼዋለሁ።

ሰላም፦ በቃ ተጀመረ።

አበጀ፦ አትስጊ፣ ሁሉም በቃሌ ነው። ግን መጀመሪያ ወፍጮውን ካላወራሁ ዋጋው አይገባችሁም።

ሰላም፦ ወፍጮው! ዛሬም? ይኼን ታሪክ እኮ ሳልቆጥረው አልቀረሁም።

አበጀ፦ አዲስ አድማጭ አለ፣ ተይኝ። ቤቱን ላየው የሄድኩ ቀን መብራት ሄዶ ነበር። ይቺን ልብ በሉልኝ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ ጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ አንድ፣ ጓሮው ውስጥ ዶሮ እንኳ የለም። መሀል ክፍሉ ላይ ቆሜ ጆሮዬን አቆምኩ። ጸጥ። ገዳም የገባሁ ነው የመሰለኝ። እዚያው የሦስት ወር ኪራይ ከፈልኩ። ስፖንጅ ለጠፍኩ፣ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ማይኩን ተከልኩ። በማግስቱ መብራት መጣና ወለሉ ሁምምም አለ።

ሰላም፦ (ትስቃለች) አሁንም ያስቀኛል።

አበጀ፦ መጀመሪያ ገመድ ነው ብዬ ዲቫይደሩን ቀየርኩ። ከዚያ ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው ሳውንድ ካርዱ ነው ብዬ ከጓደኛ ሌላ ተዋስኩ። ኋላ እጄን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ እጄ ይንቀጠቀጣል! አከራዬን ሄጄ ብጠይቃቸው፣ «ወፍጮው ነዋ፣ በላይኛው መንገድ በኩል አላየኸውም? ጥሩ ነው፣ ለማስፈጨት ሩቅ አትሄድም» አሉኝ። ለሳቸው እኮ የቤቱ ጥቅም ነው!

ሰላም፦ እውነታቸውን ነው። ግን ያኔም ነግሬሃለሁ፣ የእንቁላል ትሪ ብትለጥፍበት ይሻልህ ነበር።

አበጀ፦ አንቺ ደግሞ በዚህ ትሪ! ስሚኝ። ስፖንጅም ትሪም የሚነኩት ቀጭኑን ድምፅ ነው። «ስ»ን፣ «ሽ»ን፣ ጭብጨባን። ያውም ትሪው ከስፖንጁ የባሰ ነው፣ ወረቀት ነው እኮ። ወፍራሙን ድምፅ ሁለቱም አያቆሙትም። 50 ኸርዝ ላይ ያለ ድምፅ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ማለት ነው፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ነው። የእኔ ክፍል በረጅሙ በኩል 4 ሜትር። ሞገዱ ከክፍሌ ይረዝማል! እጅ የማታክል ስፖንጅ ምን ታድርገው?

ሰላም፦ እኔ ትሪ የለጠፉበት ክፍል ገብቼ አጨብጭቤ አይቻለሁ። ልዩነት አለው።

አበጀ፦ ለጭብጨባ እሺ። ትንሽ።

ሰላም፦ አለው አልክ።

አበጀ፦ ለጭብጨባ አልኩ! ለወፍጮ መፍትሔው ቤት ውስጥ ሌላ ቤት መሥራት ነው። ከወለሉም ከግድግዳውም የማይነካካ፣ ከባድ፣ መሀሉ አየር ያለው። በዚያ ገንዘብ ወፍጮውን ራሱን እገዛዋለሁ። እርግጥ ለዘፋኝ ድምፅ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጠሽ ታልፊዋለሽ። ከበሮ ሲመጣ ግን ወፍጮውን ልቁረጥ ስትዪ የከበሮው ሆድም አብሮ ይሄዳል።

ሰላም፦ እሺ፣ እና እንዴት ሳትከስር ቀረህ? ወደ ገንዘቡ ና።

አበጀ፦ እየመጣሁ ነው። አንድ ቀን መዝሙር እየቀረጽኩ መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሞኒተር ስፒከሮቹ ጠፉ፣ አምፖሉ ጠፋ። ላፕቶፑ ግን በባትሪው እየሠራ ነው። ሳውንድ ካርዱ ደግሞ ትንሿ ናት፣ ኃይሏን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው የምትወስደው፤ ኮንዴንሰር ማይኩ የሚፈልገውን 48 ቮልት እሷው ትሰጠዋለች። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ስለነበር መብራት መሄዱን አላወቀችም፣ መዘመሯን ቀጠለች። በሄድፎን ስሰማው... ምንም የለም። ሁምምሙ የለም! ለካ ወፍጮውም መብራቱ ሄዶበታል!

ሰላም፦ መብራት ካለ ወፍጮ አለ፣ ወፍጮ ከሌለ መብራት የለም።

አበጀ፦ አዎ! ስቱዲዮዬ የሚሠራው መብራት ሲሄድ ነው! ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ መብራት ሲመጣ ነው የሚቀጥረው፣ እኔ «መብራት ሲሄድ ና» እላለሁ። ባትሪ ጨመርኩ፣ ሁለተኛ ላፕቶፕ ገዛሁ። መብራት ሲኖር የተቀረጸውን ሚክስ አደርጋለሁ፣ ሲሄድ እቀርጻለሁ። ማራኪ ሰፈር ያሉ ደንበኞቼ እየደወሉ «እናንተ ሰፈር ሄደ ወይ?» ይሉኛል። ከተማው ሲራገም እኔ ገመድ እየዘረጋሁ ነው። እናቴ «መብራት ሲሄድ እልል የሚል ልጅ የወለድኩ እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች።

ሰላም፦ ማታስ? ማታ ወፍጮ የለም እኮ።

አበጀ፦ ማታ ጥሩ ነው። ግን ዘፋኝ ማታ ማታ ሥራ ላይ ነው፣ የመዝሙር ልጆችን ደግሞ ቤተሰብ አይለቃቸውም። ክረምትማ አታንሺብኝ፣ ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮው ራሱ ከበሮ ነው።

ሰላም፦ ዋጋ፣ አበጀ። ዋጋ።

አበጀ፦ እሺ ዋጋ። ዋጋ ሲባል ማን ትዝ አለኝ መሰለሽ? አዝማሪው!

ሰላም፦ ወይ አምላኬ።

አበጀ፦ ይኼን ግን በደንብ አልነገርኩሽም። አንድ ትልቅ ሰው መጡ። የአዝማሪ ዘር ናቸው፣ የአዝማሪዎቹ መንደር የቡርቧክስ ሰው። ማሲንቋቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ስልክ ላይ የሚለቀቅ ሥራ ይሠራላቸው ብሎ ልጃቸው ነው ያመጣቸው። መብራት ሄዷል፣ ሁሉ ነገር ምቹ ነው። ቡዝ፣ መቅረጫ ክፍሏ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አንድ ማይክ ለድምፅ፣ አንድ ማይክ ከማሲንቆው ቆዳ አንድ ስንዝር ርቆ። ሄድፎን አደረግኩላቸው፣ ክሊክ ለቀቅኩላቸው። ቲክ ቲክ ቲክ። ዝም አሉ። ቆይተው ሄድፎኑን አወለቁና «አንተ ልጅ፣ ይኼ ምንድነው የሚያንኳኳው?» አሉኝ። ምቱን እንዲጠብቁ ነው አልኳቸው። «እኔን ነው ምት የሚያስጠብቀኝ?»

ሰላም፦ ሼም!

አበጀ፦ ክሊኩን አጠፋሁ። እንደገና ዝም። «አሁንስ ምን ሆኑ?» ስላቸው፣ «ማንን ላወድስ? ግድግዳ ነው ያለው» አሉኝ። እውነትም! አዝማሪ እኮ ፊትሽን እያየ ነው የሚገጥመው። ስምሽን፣ አገርሽን፣ ጫማሽን አይቶ። ስፖንጅ አይቶ ምን ይበል? ስለዚህ ገብቼ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ። መገዝገዣውን አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ጆሮዬን ከድኖ ዝፈንልኝ አለኝ፣
ኪሱንም ሲከፍት ምነው ባሳየኝ።»

ሰላም፦ (ለረጅም ጊዜ ትስቃለች) እየተቀረጸ ነው ይኼ ሁሉ?

አበጀ፦ እየተቀረጸ! ልጃቸው መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔም ምን አደርጋለሁ፣ ኪሴን ፈትሼ ብር አውጥቼ ግንባራቸው ላይ ለጠፍኩ። ሊከፍለኝ የመጣ ደንበኛ እኮ ነው! ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። 40 ደቂቃ፣ ሦስት ዘፈን፣ አንድም ድጋሚ የለም። ሁለተኛውን ማይክም አነሳሁት፤ ድምፃቸውና ማሲንቆው ከአንድ ደረት ነው የሚወጡት፣ ልለያይ ብል ሁለቱም ተበላሹ። አንድ ማይክ ደረታቸው ትይዩ፣ አለቀ።

ሰላም፦ እና ስንት አስከፈልካቸው?

አበጀ፦ ጉዱ እዚያ ላይ ነው! እኔ የማስከፍለው በሰዓት ነው። 40 ደቂቃ! ግንባራቸው ላይ የለጠፍኩት ሲቀነስ ምን ተረፈኝ?

ሰላም፦ እኔ ምን ብዬህ ነበር? በዘፈን አስከፍል።

አበጀ፦ በዘፈን ስል ደግሞ አንዱ ጎረምሳ ይመጣልኛል። አዝማቹን ብቻ አራት ቀን። ውሃ ይጠጣል፣ ጓደኞቹን ይጠራል፣ «ሙዱ አልመጣም» ይላል። ያንን በዘፈን ላስከፍለው?

ሰላም፦ ስለዚህ ፈጣኑን በዘፈን፣ ቀርፋፋውን በሰዓት? አበጀ፣ ነጋዴ ሆነሃል።

አበጀ፦ ተመስገን።

ሰላም፦ ቆይ፣ ሰዓቱ እየሄደ መሀል ላይ መብራት ቢመጣስ? ወፍጮው ሲነሳ ማነው የሚከፍለው?

አበጀ፦ ግማሽ ግማሽ።

ሰላም፦ ለምን? ወፍጮው ያንተ ጎረቤት ነው እንጂ የሱ አይደለም።

አበጀ፦ መብራቱን እኔ አላመጣሁት!

ሰላም፦ ይኼ ያስከፍላል ብለህ አምነህ ነው? እሺ ይቆየን። ለሚሰሙን ግን አንድ ቁም ነገር ንገራቸው። በዘፈን ነው የምትኖረው?

አበጀ፦ በፍጹም። ኪራዩን የሚከፍለው አንሶላ ነው።

ሰላም፦ (ትስቃለች) እሱስ እውነት ነው። «አንሶላ! ብርድ ልብስ! በታላቅ ቅናሽ!» አራዳ ገበያ በሞንታርቦ የሚዞረው ድምፅ የኔ ነው።

አበጀ፦ ማስታወቂያ ነው ያቆመኝ። ከዚያ የሰርግ ሥራ፣ ጥር ላይ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ መተንፈሻ የለም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርጉ ይቆምና መዝሙር ይመጣል። ዘፈን ስቱዲዮውን ስም ያሰጠዋል፣ ያ ነው። ወጣቶች ማይክ ገዝተው «ስቱዲዮ ከፈትኩ» ይሉኛል፤ እኔ የምጠይቃቸው «አንሶላ ነጋዴ ታውቃለህ ወይ?» ብዬ ነው። ቀብድ ደግሞ ግማሽ በቅድሚያ። ሙሉው ሳይከፈል ፋይል አይወጣም፣ ናሙና ብቻ።

ሰላም፦ ናሙናውንም እናውራው! የኔ ድምፅ ነው፣ በየ20 ሰከንዱ «ይህ ናሙና ነው» የምለው።

አበጀ፦ ተይ፣ ተይ...

ሰላም፦ አንዱ ቀሪውን ሳይከፍል ናሙናውን ወሰደ። የጓደኛዬ ሰርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ በትልቁ ስፒከር፣ «ሙሽራዬ... ይህ ናሙና ነው... አበባዬ... ይህ ናሙና ነው»! ሙሽራው ዞሮ አየኝ!

አበጀ፦ ከዚያ ሰርግ ሁለት ደንበኛ አግኝቻለሁ ግን።

ሰላም፦ እኔስ ምን አገኘሁ? አንሶላውንም አንድ ቀን ነው የከፈልከኝ፤ «እስከ ጥር» የሚለውን ቆርጠህ «እስከ ፋሲካ» እያልክ ዓመቱን ሙሉ ታዞረኛለህ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ስለ ከዋኝ፣ ማለት ሥራ ስለሚጫወት ሰው መብት ይናገራል፣ አንብቤዋለሁ።

አበጀ፦ አንሶላ መሸጥ ክወና ነው?

ሰላም፦ «በታላቅ ቅናሽ» ስል ሰምተኸኛል? ክወና ነው!

አበጀ፦ እሺ፣ ለ«እስከ ፋሲካ»ው እጨምራለሁ። ትንሽ።

ሰላም፦ ተቀርጿል ይኼ። አሁን ያንን የሰዓት ዋጋ በቁጥር... እንዴ!

አበጀ፦ ሄደ!

ሰላም፦ ጨለመ። ስልክህን አብራልኝ። እየቀረጸ ነው?

አበጀ፦ በባትሪ ነው፣ ምንም አይልም። ስሚ... ዝም ብለሽ ስሚ። አለ ወፍጮ?

ሰላም፦ የለም።

አበጀ፦ (ስልክ ይጠራል) ሃሎ? አዎ ሄዷል! ከበሮውን ይዘህ ና፣ ባጃጁን ደጅ ላይ አጥፉልኝ። አዎ፣ አሁኑኑ!

ሰላም፦ አበጀ፣ ዋጋውን እኮ አልተናገርንም።

አበጀ፦ ሳምንት ደብተሩን አመጣዋለሁ። ተነሺ፣ በርጩማው ያስፈልገኛል።