ውኃው ሲሸሽ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ክፍል የምቀዳው ከጎጃም፣ ከጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከቁንዝላ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ማለዳው ስለሚበርድ ጋቢ ተከናንቤ ነው የማወራችሁ።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል፤ ከዚያ በጋ ይገባል። በልጅነቴ በመጽሐፍ ያየሁት የመፀው ሥዕል ግን ቅጠሉ ቀልቶ የሚረግፍ የባዕድ አገር ዛፍ ስለነበር፣ የእኛ መፀው በአደይ አበባ መጀመሩ ለረጅም ጊዜ ስሕተት ይመስለኝ ነበር። በእኛ ዘንድ የሚረግፈው ቅጠል ሳይሆን የሚጎድለው ውኃ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የክረምቱን ጎርፍ ሲያመጡ ከርመው ሐይቁ ከፍ ብሎ የሚታየው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በመስከረም አካባቢ ነው። ሰው ሁሉ በአበባው ሲደሰት ውኃው በዝምታ ማፈግፈግ ይጀምራል፤ ከፊሉ በዓባይ ይወርዳል፣ ከፊሉ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ሄዶ መብራት ያመነጫል፣ እጅግ ብዙው ደግሞ በፀሐይ ይተናል።

ይህን መሸሽ በዓይኔ የምለካው በአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ካስማዎች ነው። የደንገል ታንኳቸውን የሚያስሩባትን የመጀመሪያዋን ካስማ በመስከረም ከሾላው ሥር ተክለዋት ነበር። ውኃው በራቀ ቁጥር ሌላ ካስማ ቆርጠው ወደፊት ይተክላሉ፤ የቀድሞዋን ግን አይነቅሏትም። አሁን አራተኛዋ ላይ ደርሰዋል፤ ከመጀመሪያዋ እስከ አራተኛዋ በእርምጃ ብቆጥር ሠላሳ አንድ ሆነልኝ። ታንኳው ውኃ ስለሚጠጣ ከዓሣ ሲመለሱ አቁመው ያደርቁታል፤ ከተሰነጠቀው የደንገል ጫፍ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ጭቃው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይሠራል፤ በየካስማው ሥር እንዲህ ያለች ጉድጓድ ቀርታለች።

በካስማዎቹ መካከል ያለው መሬት «ባሕር ሸሽ» ይባላል። ዝናብ ሳይጠብቅ፣ ሐይቁ በተወለት እርጥበት ብቻ ሽምብራና ጓያ ያበቅላል። ትናንት ውኃ የነበረው ዛሬ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጨቃጭቃል፤ እኔ በበኩሌ ክርክሩ የሚያልቅ አይመስለኝም፣ ድንበሩ ራሱ እየተራመደ ነውና።

ወቅቱ ለሌሎችም መሸሻ ነው። ከአውሮፓ ብርድ የሚሸሹ ባለ ረጃጅም እግር ወፎች በዚህ ጊዜ ጣና ዳር ይሰፍራሉ። እኛ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያልን ብርዱን የምናማርርበትን ወራት እነርሱ ሙቀት ፍለጋ መምጣታቸው ያስቀኛል።

ትናንት ማታ ሽማግሌውን፣ «አባባ፣ አሮጌዎቹን ካስማዎች ለምን አይነቅሏቸውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከእርሳቸው የረቀቀ መልስ ስጠብቅ ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ ገመዱን እያጠበቁ፣ «በሐምሌ ውኃው ሲመለስ እንደገና ማን ይቆርጥልኛል?»

ዛሬ ጠዋት ስወርድ ሁለተኛዋ ካስማ የለችም። ከማን ቤት ጭስ ውስጥ እንዳለች ብጠረጥርም ለሽማግሌው አልነገርኋቸውም።