አዲስ ኮምፒውተር በስክሪፕት ማዘጋጀት፦ የደሴና የኮምቦልቻ አድማጮች ጥያቄና የባለሙያው መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው፦ አዲስ ወይም ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌሩን አንድ በአንድ ከመጫን ይልቅ ስክሪፕት ጽፎ በራሱ እንዲጭን ማድረግ ይቻላል ወይ? የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያችን በስልክ የሰጡት መልስ እነሆ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ የፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ባለቤት)፦ ስክሪፕት ሲባል እሰማለሁ። ያለኝ ሁለት ኮምፒውተር ነው። እኔንስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ስክሪፕት ማለት አንቺ በማውስ እየተጫንሽ የምትሠሪው ሥራ በተራ የተጻፈበት የጽሑፍ ፋይል ነው። ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽመዋል። በኖትፓድ ይከፈታል፣ ይነበባል። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው መነበቡ ነው። ለሁለት ኮምፒውተር ግን የግድ አይደለም፤ ላንቺ ዝርዝር ይበቃሻል። የምትጠቀሚባቸውን ሶፍትዌሮች፣ የአማርኛ መጻፊያውን፣ የፕሪንተሩንና የስካነሩን ሞዴል ከነቁጥሩ ደብተር ላይ ጻፊው። ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቀን ጥገና ቤት ይዘሽው ሂጂ። ከዝርዝሩ በፊት ግን የደንበኞችሽን ፋይል ቅጂ ሌላ ቦታ አስቀምጪ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ ነው የምናገረው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ የአይሲቲ መምህር)፦ ላብ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ኮምፒውተሮች አሉን። በየክረምቱ ፎርማት እናደርጋለን። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ መብራትም ይቆራረጣል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ስክሪፕት የተፈጠረው ለእርስዎ ዓይነት ሥራ ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዊንጌት የሚባል የማይክሮሶፍት መጫኛ አለ። አንዱን ኮምፒውተር እንደሚፈልጉት አድርገው ካዘጋጁ በኋላ «ዊንጌት ኤክስፖርት» ሲሉት በዝርዝሩ የሚያውቃቸውን ሶፍትዌሮች በአንድ ፋይል ያወጣልዎታል፤ ሌላው ኮምፒውተር ላይ «ዊንጌት ኢምፖርት» ብለው ያንን ፋይል ሲሰጡት ይጭናቸዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት እንደገና ማውረዱ ነው። እናንተ ጋ ይህ አያዋጣም። ስለዚህ መጫኛ ፋይሎቹን አንድ ጊዜ ብቻ ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ ያውርዱ፣ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ በላቡ ኔትወርክ የሚታይ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ፣ ስክሪፕቱ ከዚያ እያነሳ ይጫን። ኤምኤስአይ የሆኑት፣ ማለትም ስማቸው «.msi» ብሎ የሚያልቀው መጫኛ ፋይሎች ላይ፣ «ስላሽ ኪው ኤን» (/qn) ሲጨመር «ኔክስት፣ ኔክስት» ሳይሉ ዝም ብለው ይጫናሉ። የሌሎቹ ይለያያል፤ የየራሳቸውን መመሪያ ይመልከቱ።

አሁን መብራቱ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ስክሪፕቱ «ይህን ጫን» ብቻ እንዲል አድርገው አይጻፉት፤ «ይህ አለ ወይ? ካለ እለፈው፣ ከሌለ ጫነው» እንዲል ያድርጉት። እንዲህ ከሆነ ሰባተኛው ሶፍትዌር ላይ መብራት ቢሄድም አብሽሩ፣ ሲመለስ ከመጀመሪያው ያስነሱታል፤ የተጫነውን እያለፈ የቀረውን ይጨርሳል። ስክሪፕቱ አናት ላይ ደግሞ «ስታርት ትራንስክሪፕት» የሚለውን የፓወርሼል፣ ማለትም የዊንዶውስ ትዕዛዝ መጻፊያ፣ ትዕዛዝ ይጨምሩ፤ የሠራውንና ያቃተውን በፋይል መዝግቦ ያቆይልዎታል። መጀመሪያ አንዱ ላይ ይሞክሩት። ሳያዩ ሁሉም ላይ አይልቀቁት። ተማሪዎቹ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡትን ሥራ ሳይገለብጡም ፎርማት አያድርጉ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ የአማርኛ ኪቦርድ በስክሪፕት ይጨመራል?

መልስ፦ አዎ፣ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ በፓወርሼል የቋንቋ ዝርዝሩ ላይ አማርኛን መጨመር ይበቃል።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ የደወለ ወጣት)፦ ቴሌግራም ላይ ያገኘኋት አንድ መስመር ትዕዛዝ አለች። ፓወርሼል ላይ ለጥፌ ኢንተር ስል ዊንዶውሱንም ኦፊሱንም አክቲቬት ታደርጋለች፣ ሶፍትዌሩንም ትጭናለች። ቀድሞ አንቲቫይረሱን ማጥፋት ብቻ ነው። የሦስት ጓደኞቼን በዚሁ ሠርቻለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው ልጄ። በደንብ አለው። ስለጠየቅክ አመሰግንሃለሁ፤ ሌሎቻችሁም ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋችሁ ስሙኝ።

ያቺ መስመር የምትሠራው ሁለት ነገር ነው። ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ጽሑፍ ታወርዳለች፤ ያወረደችውን ማንም ሳያየው እዚያው ታስኬዳለች። አንተ ያየኸው አድራሻውን ነው፣ የሚሠራውን አላየህም። ትናንት ጓደኛህ ጋ በሰላም ያለፈው ጽሑፍ ዛሬ በሌላ ተተክቶ ሊጠብቅህ ይችላል፤ አድራሻው ግን ያው ነው። ፓወርሼልን የከፈትከው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን በሚያስደርገው በአድሚን ፈቃድ ነው። ያላነበብከው ውል ላይ ፈርመህ ማኅተምህንም ለማታውቀው ሰው መስጠት ማለት ነው።

አንቲቫይረሱን አጥፉ የሚሏችሁ ለምንድን ነው? አክቲቬተሩ የፈቃድ መፈተሻውን ስለሚነካካ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር ይይዘዋል። «የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው፣ አትፍሩ» ይሏችኋል። እውነቱን ከውሸቱ የሚለይላችሁን ነገር በገዛ እጃችሁ ካጠፋችሁ በኋላ ምን አብሮ እንደገባ በምን ታውቃላችሁ?

የሚገባው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ድምፅ የለውም። ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን ፓስዎርድ፣ የተከፈተ ቴሌግራማችሁን ለቅሞ ይልካል፤ ኮምፒውተሩ እንደወትሮው ይሠራል፣ ምንም አይታይም። ሌላው ፋይል ቆላፊው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተየብበት ቤት ኮምፒውተር እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ዴስክቶፑ በተማሪዎች ስም በተሰየሙ ፎልደሮች ሞልቷል። የእያንዳንዱ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ አራት የማይታወቁ ፊደላት ተቀጥለዋል፤ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ «ሪድሚ» የሚል የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል፦ 980 ዶላር ክፈሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490። ይህ ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ የሚባለው የፋይል ቆላፊ ቤተሰብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በዋናነት በክራክ (ሶፍትዌርን ያለ ፈቃድ በሚያስከፍት) እና በአክቲቬተር ተጠቅልሎ ሲሰራጭ የኖረ። ለቀድሞዎቹ ዓይነቶች በነፃ የሚፈታ መሣሪያ ወጥቷል። ያ ቤት የገጠመው ግን አዲሱ ነበር፣ አልተፈታም። ተማሪዎቹ እንደገና አስተየቡ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ አንድ ቅጂ ቢኖር ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ባክአፕ የያዘውን ፍላሽም ሰክታችሁ አትተዉት፤ የተሰካውንም ይቆልፈዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ክራኩ ጭራሽ የማያስፈልጋችሁ መሆናችሁ ነው። ከዊንዶውስ 8 ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የወጡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ያገለገለ ላፕቶፕም ቢሆን ቁልፉ አብሮት አለ። የዊንዶውሱ ዓይነት ሆም ከነበረ ሆም፣ ፕሮ ከነበረ ፕሮ ጫኑበት፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ሰው ግን ሆም ሆኖ የመጣውን ፕሮ ይጭንበትና የተከፈለበትን ቁልፍ ትቶ ቴሌግራም ላይ ክራክ ይፈልጋል። ለኦፊስ መክፈል የማይችል ሊብሬኦፊስን በነፃ ይጫን፤ የዎርድ ፋይል ይከፍታል።

አንተ አሁን የምታደርገው ይህ ነው ልጄ። ሦስቱን ጓደኞችህን ዛሬውኑ ንገራቸው። ፓስዎርዳችሁን ያቺ ትዕዛዝ ካልነካችው ስልክ ላይ ቀይሩ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁትን አስወጡ። ሰነዳችሁን ገልብጡ፣ ከዚያ ዊንዶውስን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ እንደ አዲስ ጫኑ። እንዲሁም አንድ ድረ ገጽ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ የዊንዶውስ ምልክቱንና አርን ተጫን፣ ኮንትሮል ቪ፣ ከዚያ ኢንተር» ካላችሁ ወዲያው ዝጉት። የሚያስለጥፋችሁ ያንኑ ያላነበባችሁትን ትዕዛዝ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ የቢሮ ሠራተኛ)፦ ስክሪፕቱ በየመሃሉ እንዳይጠይቀኝ የአድሚኑን ፓስዎርድ ውስጡ ብጽፈውስ?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ፋይሉ የደረሰው ሁሉ ያነበዋል። ይጠይቅሽ፣ በእጅሽ ጻፊው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ የደወሉ አባት)፦ ልጄ ዊንዶውስን ምንም ሳይጠይቅ በራሱ የሚጭን ፍላሽ ሠርቷል። ቤት ውስጥ ተቀምጧል። አደጋ አለው?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥሩ አድርገው ጠየቁ። «ኦቶአናተንድ» የሚባል የመልስ ፋይል ነው ያለበት። ጫኚው የሚጠይቀውን ሁሉ አስቀድሞ ይመልሳል፤ «ሃርድ ዲስኩን ላጥፋው ወይ?» ለሚለውም ጭምር። እንዲያጠፋ ተደርጎ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ በዚያ ፍላሽ በተነሳ ጊዜ የቤተሰቡ ፎቶ ሳይጠየቅ ይጠፋል። ልጅዎ ዲስክ የሚያጠፋውን ክፍል አውጥቶ ያንን አንዱን ጥያቄ በእጁ እንዲመልስ ያድርግ። ፍላሹ ላይ በቀይ ይጻፍበት፣ ከሌሎቹም ይለይ። ፎቶዎቹንም ዛሬ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። የመልስ ፋይሉን ከሌላ ሰው አግኝቶት ከሆነ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሳያነብ እንዳይጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ፎርማት ካደረግኩ ወዲህ ድረ ገጽ ሁሉ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይለኛል።

መልስ፦ ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክል፤ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ ከተመለሰ የማዘርቦርዱ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ አልቋል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ዊንዶውስ 10 ነው ያለው። ስክሪፕቱን ለእሱ ልጻፍ ወይስ ለ11?

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም ከተፈቀዱት ውስጥ መሆን አለበት። ማሟላቱን ሳታይ ስክሪፕት አትጀምር። ካላሟላ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊኑክስ አስብበት። እንደማያሟላ እያወቅክ መፈተሻውን የሚያዘልል ትዕዛዝ ከቴሌግራም አትልቀም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሃርድ ዲስኬ «ቀጭ ቀጭ» ይላል። ፋይሉን ሁሉ የሚገለብጥልኝ ስክሪፕት ይነግሩኛል?

መልስ፦ አልነግርህም ወንድሜ። አሁኑኑ አጥፋው፣ ደግመህም አታብራው። የተጎዳ ዲስክ ላይ ስክሪፕት መልቀቅ የቀረውንም ማስጨረስ ነው። ዳታ ወደሚያወጣ ባለሙያ ውሰደው።