ፓርክ ሄዶ ማታ የሚተኛ ሰው ግማሹን አላየም

(ሙዚቃ፤ የጦሳ ተራራ ምስል)

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ደሴዎች፣ ኮምቦልቻዎች፣ ከሐይቅና ከባቲ የምትከታተሉን፣ ዓረብ አገር ሆናችሁ በእረፍት ሰዓታችሁ የምታዩን እህቶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ፓርክ ነው። ስለ ቀኑ ፓርክ ግን አይደለም፣ ስለ ማታው ነው።

ሰው ብሔራዊ ፓርክ ሲሄድ ምን ያደርጋል? ቀን ጭላዳ ያያል። ፎቶ ይነሳል። ዕድለኛ ከሆነ ቀይ ቀበሮ ያያል። ከዚያ ጀምበር ስትጠልቅ እራቱን ይበላና "ኧረ ብርዱ!" ብሎ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይተኛል። በቃ። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ከፍሎ፣ ደክሞ፣ ግማሹን ሳያይ ተኛ ማለት ነው። ለእኔ ፓርክ ማለት እንስሳውና ተራራው ብቻ አይደለም፣ ጨለማውም የፓርኩ ሀብት ነው።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ አቅራቢያ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጭላዳ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። ቀይ ቀበሮ ስላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 ያነሰ ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጪ ደግሞ የትም የለም። እኛ ግን እንግዳ ሲመጣ "ሰሜን ተራሮች ሂድ" እንላለን። ሰሜን ተራሮችማ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመዘገበው ነው፣ የእኛ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። የራሳችንን እናስተዋውቅ እንጂ!

ማታ እዚያ ምን አለ? ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ሳር ሲነጩ ይውሉና ሲመሽ ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። ነብርና ጅብ እንዳይደርስባቸው ገደሉ ላይ ተለጥፈው ያድራሉ። ቀይ ቀበሮም በአብዛኛው የቀን ሠራተኛ ነው፣ ምክንያቱም የሚያድናቸው አይጦች የሚወጡት ቀን ነው። ስለዚህ የማታው ተረኛ አያ ጅቦ ነው። እና ሰማዩ።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ደሴ ፒያሳ ቆመን ቀና ብንል የምናየው ኮከብ ጥቂት ነው። ገጠር ስንወጣ ሰማዩ ጢም ይላል። ከተማ ላይ ኮከቦቹ የት ሄዱ?

ይህን ለማስረዳት ሐረጎን ይዣችሁ ልውረድ። (የሐረጎ ጠመዝማዛ ምስል) ክረምት ነው እንበል። መሽቷል፣ ጉሙ መንገዱ ላይ ተኝቷል፣ እናንተ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ናችሁ። ሹፌሩ ለመንገዱ አዲስ ነው። አልታይ ሲለው ምን ያደርጋል? ረጅሙን መብራት ቦግ ያደርገዋል! ወዲያው ፊቱ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ጋቢና ያሉት እናት "ቢስሚላህ" ይላሉ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ "በስመ አብ" ብለው ያማትባሉ፣ ረዳቱ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ሒሳብ ይሰበስባል። መብራት ተጨመረ፣ መንገዱ ግን ጠፋ። ለምን? ብርሃኑ መንገዱ ጋ ሳይደርስ እያንዳንዷ የጉም ጠብታ ተቀብላ መልሳ ዓይናችሁ ላይ ትረጨዋለች። ነባሩ ሹፌር ግን ነገሩ ገብቶታል። ረጅሙን ያጠፋል። አጭሩን መሬት መሬቱን እያስያዘ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አሁን ዳር ላይ አህያውን እየነዳ የሚሄደው ሰውዬ ይታያል። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ቅድምም እዚያው ነበር! የትም አልሄደም። የጋረደው የእኛው መብራት ነው።

እንግዲህ ጉሙ የከተማችን አየር ነው፣ አቧራው ጭሱ ተጨምሮበት። ረጅሙ መብራት ወደ ላይ የሚያበራው የመንገድ፣ የሆቴልና የግንባታ መብራት ነው። ባለአህያው ደግሞ ኮከቡ ነው። ከተማችን ረጅሙን መብራት እንዳበራው አዲሱ ሹፌር ሆናለች፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ሳይንሱን በፍጥነት ልበለውና እንለፍ፣ ይህን ትምህርት ቤት ተምራችኋል። አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ይበትናል። ስለዚህ ነጭ የኤልኢዲ መብራት፣ ውስጡ ሰማያዊ ስለሚበዛበት፣ ሰማዩን ከቢጫው መብራት በባሰ ያጥበዋል። ዓይናችን ደግሞ ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ ስልክ ካበራችሁ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቀይ ብርሃን ግን ብዙም አይረብሸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ፣ ሰው ሠራሽ ብርሃን ሰማዩን ምን ያህል እንደሚያደምቀው በሚያሳይ የዓለም ካርታ መሠረት ከዓለም ሕዝብ ሲሶ በላይ የሚሆነው ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን፣ ማለትም ሰማዩን እንደ ነጭ መቀነት የሚያቋርጠውን የኮከብ ጎርፍ፣ ማየት አይችልም። አለቀ፣ ሳይንሱ ይኸው ነው።

ቆይ ግን! አንድ ነገር ሳልመልስ ማለፍ አልችልም፣ ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስንቶቻችሁ ጻፋችሁት መሰላችሁ። "ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለኮከብ ትቀርባለች፣ ለዚያ ነው ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ላይ ኮከብ የሚደምቀው።" አይ የእኛ ሰው! እስቲ እንየው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ ጎረቤታችን የምትባለው ጨረቃ እኮ ናት! እሷም ብትሆን አንድ ቦታ አትቆምም፤ በየወሩ በ40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትቀርባለች ትርቃለች። ስለዚህ ጨረቃ ስትቀርብ ኮምቦልቻ የተቀመጠ ሰው፣ ጨረቃ ስትርቅ ጦሳ አናት ላይ ከወጣ ደሴ በስንትና ስንት ይበልጣል። ከፀሐያችን ቀጥሎ ቅርብ የሆነችው ኮከብ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ 650 ሜትር ቆጥሮ መፎከር ያስቃል። ኮምቦልቻዎች፣ አብሽሩ።

ከፍታ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ደሴ ላይ ስንቆም ከአየሩ ሩብ ያህሉ ከእኛ በታች ቀርቷል። የኮከቡ ብርሃን የሚያቋርጠው አየር አነሰ ማለት ነው። የእንጦጦ የሕዋ ምርምር ማዕከል 3,200 ሜትር ገደማ ላይ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ግን ደሴ ላይ ጉምና ደመና ሲበዛ ያንን ጥቅም መልሶ ይበላዋል። እውነቱን ልንገራችሁ? ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ባቲን አልፋችሁ ወደ አፋር ብትወርዱ፣ ከሁላችንም ዝቅ ያለ አገር ነው፣ ሰማዩ ግን ደረቅና ጥርት ያለ ነው። ቆላው ደጋውን አሸነፈ! አሁን ደሴዎች ሊቀየሙኝ ነው፤ ከመቀየማችሁ በፊት ሰብስክራይብ አድርጉ።

ወደ እንስሳቱ ልመለስ፣ የምወደውን ወሬ ሳልነግራችሁ። እበት የሚያንከባልለውን ጥንዚዛ ታውቁታላችሁ አይደል? እበቱን ድቡልቡል አድርጎ ሌላ ጥንዚዛ ሳይቀማው በቀጥታ መስመር መሸሽ አለበት። ማታ አቅጣጫውን በምን ያውቃል? የስዊድንና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ጥንዚዛዎቹን ትንንሽ ኮፍያ አደረጉላቸው! ሰማይ የተጋረደበት ጥንዚዛ ዝም ብሎ ሲዞር ዋለ። ቀጥሎ ጆሃንስበርግ ወደሚገኝ ሰው ሠራሽ ሰማይ የሚታይበት አዳራሽ ወስደው ፍኖተ ሐሊብን ብቻ አበሩላቸው። ቀጥ ብለው ሄዱ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። እኛ ፍኖተ ሐሊብን ማየት ስንተው የምናጣው ደስታ ነው፣ እሱ ግን መንገዱን ነው የሚያጣው። ናሚቢያ ውስጥ ናሚብራንድ የሚባል ጥብቅ ስፍራ ለዚህ ጨለማው እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ እውቅና አግኝቷል፣ ቱሪስት ሰማይ ለማየት ብቻ ይሄዳል። የእኛ ፓርኮች ምን ጎደላቸው? በእኔ ግምት የሚጎድለው መብራቱን ወደ መሬት የሚደፋ ቆብ ብቻ ነው።

እሺ፣ መቼ ልውጣ? ክረምቱን እርሱት። በነሐሴ የሚመጣውን የተወርዋሪ ኮከብ ዝናብ ለእኛ አገር ደመናው ይበላዋል። የታኅሣሡ ግን ይክሳል፤ ከታኅሣሥ 4 እስከ 5 ሌሊት ጋቢ ደርባችሁ ውጡ። መስከረም ላይ ደመናው ሲገፈፍ፣ ገና እንደመሸ የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ ክፍል በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ኅዳር ላይ ማታ 3 ሰዓት ገደማ አንድሮሜዳ ጋላክሲ ከአናታችሁ ወደ ሰሜን አድማስ ሲሶውን ያህል ዝቅ ብላ ትታያለች፣ ያለ መነጽር፣ እንደ ደብዛዛ ጭረት። ብርሃኗ የተነሳው የዛሬ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ነው። ያኔ ከባቲ ወዲያ፣ ሐዳር የተገኘችው ሉሲ ከሞተች 700,000 ዓመት ገደማ አልፏታል።

ግንቦት ላይ ደግሞ ይህን ሞክሩት። ማታ 3 ሰዓት፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ጨብጡ። አንድ ጡጫ ወደ 10 ዲግሪ ነው። ወደ ሰሜን ከአድማሱ አንድ ጡጫ ከፍ ብሎ የሰሜን ኮከብ አለ። ዞር በሉ፤ ወደ ደቡብ ሁለት ጡጫ ከፍ ብሎ የደቡብ መስቀል አለ። ሁለቱም በአንድ ምሽት! አውሮፓ ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን አያይም፣ ኬፕታውን ያለ ሰው የሰሜን ኮከብን አያይም። ደሴ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ሁለቱንም ሰጥታናለች። ተራራው እንዳይጋርዳችሁ ብቻ ገላጣ ቦታ ምረጡ።

ጨረቃዋን በተመለከተ ወሎዬን ማስተማር አያስፈልግም። የእስልምናው ወር ሲያልቅና ሲጀምር ያሉት ቀናት ጨለማ ናቸው፣ ያኔ ውጡ፤ አሥራ አምስተኛው ላይ አትድከሙ። ፓርክ ከሆነ የምትሄዱት መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ማታ ያለ ፓርኩ ጠባቂ ከማደሪያችሁ አትራቁ። ባትሪያችሁ ላይ ቀይ ላስቲክ እሰሩ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ በተራ ስልክ ኮከብ እንዴት እንደሚነሳ አሳያችኋለሁ። እስከዚያው የሞከራችሁትን ፎቶ ላኩልኝ። ፍላሽ ብቻ አታብሩ፤ ፍላሹ አንድሮሜዳ አይደርስም፣ ጎረቤት ነው የሚቀሰቅሰው።