አብራሪው አውሮፕላኑን ሲዞር ምን ያያል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። መስኮት አጠገብ የተቀመጠ መንገደኛ ሁሉ አይቶታል፦ ሻንጣ እየተጫነ፣ ነዳጅ እየተቀዳ ሳለ አንድ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሰው ባትሪ ይዞ፣ ቀና ደፋ እያለ አውሮፕላኑን ይዞራል። ብዙ ጊዜ ረዳት አብራሪው ነው፤ አንዳንዴ ካፒቴኑ ራሱ ይወርዳል። ቦይንግ 737 ላይ ዙሩ አስር፣ ቢበዛ አስራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ለሚያየው ሰው ለወግ ያህል የሚደረግ ይመስላል።

የፈነዳ ጎማ፣ የተጣመመ ክንፍ ማንም አያልፈውም። ሰው የጨረሱት ግን ጣት የማታስገባ ቀዳዳ፣ ጎንበስ ካላሉ የማይታይ መቆለፊያ፣ እንዲህ ያሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ዓይን ስለሚዘላቸው ቦታዎች ነው።

ዙሩ የሚጀምረው ውጭ አይደለም፣ ኮክፒት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የአውሮፕላኑ የብልሽትና የጥገና መዝገብ፣ ቴክኒካል ሎጉ፣ ይነበባል። ትናንት ማታ ምን ተነካ? ምን ተከፈተ? ምን ሳይጠገን ለሌላ ቀን ተላለፈ? እኔ ይህን ንባብ ከዙሩ ግማሽ አድርጌ ነው የማየው፤ የት ጠበቅ አድርገህ ማየት እንዳለብህ የሚነግርህ እሱ ነውና። ከዚያ የኦክስጅን ግፊት፣ የሃይድሮሊክና የሞተር ዘይት መጠን ይታያል፣ የውጭ መብራቶች ይበራሉ፣ ፓርኪንግ ብሬኩ ይያዛል። የፓርኪንግ ብሬኩን ምክንያት ጎማው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ከደረጃው ወርደን ከአፍንጫው በግራ በኩል እንነሳ። እዚህ አካባቢ ከአካሉ ወጣ ብለው ወደፊት የሚያዩ ትናንሽ ቱቦዎች አሉ፤ ፒቶት ይባላሉ። 737 አፍንጫው አካባቢ ሦስት አለው። ከፊት የሚመጣውን አየር ይቀበላሉ። ስታቲክ ፖርት ደግሞ ከአካሉ ጋር እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያለ ቀዳዳ ነው፤ የከባቢውን አየር ግፊት ብቻ ይወስዳል። ፍጥነት የሚገኘው ከሁለቱ ልዩነት ነው፣ ከፍታ ደግሞ ከስታቲኩ ብቻ። እንግዲህ ስታቲኩ ከተደፈነ ምን ይሆናል? ከፍታ መለኪያው ታፍኖ የቀረውን ግፊት ይዞ ይዋሻል። ፍጥነት መለኪያውም ስትወጣ አሳንሶ፣ ስትወርድ አጋኖ ይነግርሃል።

ጥቅምት 2 ቀን 1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ዛሬ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንዲሁ ናቸው)፣ ፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ላይ የሆነው ይህ ነው። ኤሮፔሩ የተባለው አየር መንገድ ቦይንግ 757 ሲታጠብ በግራ በኩል ያሉት ስታቲክ ፖርቶች ውሃ እንዳይገባባቸው በፕላስተር ተሸፍነው ነበር። ሥራው አለቀ፣ ፕላስተሩ ቀረ። ቴክኒሻኑ አላየውም፣ ተቆጣጣሪው አላየውም፣ የዞረው አብራሪም አላየውም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነስተው ባሕር ላይ ወጡ፤ መብራት የለ፣ አድማስ የለ። ከፍታቸውን ከመሬት ተቆጣጣሪው ጠየቁ፣ እሱም 9,700 ጫማ አላቸው። ችግሩ፣ እሱ ራዳሩ ላይ የሚያየው ቁጥር የሚላክለት ከዚያው ከተሳሳተው አውሮፕላን ነው። ውሃውን ሲመቱ መለኪያቸው 9,500 ጫማ አካባቢ ያሳይ ነበር። 70 ሰው ሞተ።

በዚያው ዓመት በየካቲት፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ ፖርቶ ፕላታ ላይ ሌላ 757 ወድቆ 189 ሰው አልቋል። አውሮፕላኑ ለቀናት ፒቶቶቹ ሳይሸፈኑ ቆሞ ነበር፤ መርማሪዎች የጠረጠሩት ጭቃ እያቦካች ጎጆ የምትሠራ ተርብ ቱቦውን ደፍናው ይሆናል ብለው ነው። ካፒቴኑ የእሱ ፍጥነት መለኪያ እንደማይሠራ ገና ሲንደረደሩ አውቋል፣ ግን መነሳቱን አላቋረጠም። ፒቶት ሲደፈን ፍጥነት መለኪያው እንደ ከፍታ መለኪያ ይሆናል፦ በወጣህ ቁጥር ቁጥሩ ያድጋል። አንዱ ማስጠንቀቂያ ፍጥነት በዛ፣ ሌላው ፍጥነት አነሰ እያለ ይጮህባቸው ነበር።

ታዲያ መሸፈን ነዋ መፍትሄው? አዎ። ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ፣ በተርብ የታወቀ አየር ማረፊያ ስለሆነ ቆሞ የሚያድር አውሮፕላን ፒቶቱ ይሸፈናል። በ2018 ሐምሌ ወር የማሌዥያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ330 ሦስቱም ሽፋኖች ሳይነሱለት ተነሳ። ተመልሶ በሰላም አረፈ። እነዚያ ሽፋኖች ቀይ ሪባን የተንጠለጠለባቸው ነበሩ! ማታ ነው፣ ቦታው ከጭንቅላት በላይ ነው፣ ግን ባትሪ የያዘ ሰው በሥራቸው አልፏል። በርህን ቆልፈህ ወጥተህ መንገድ ላይ «ቆልፌው ይሆን?» እንደምትለው ነው፤ እጅህ ሠርቶታል፣ ልብህ አልነበረም። ለዚህ ነው እኔ ባትሪውን በአጠቃላይ ማዞር የማልወደው። ብርሃኑ ፒቶቱ ላይ ይቁም፣ አፉ ይታይ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። ስታቲኩም እንዲሁ፤ ቀዳዳዎቹ ራሳቸው ካልታዩህ አላየህም።

ሞተሩ ጋ ስንደርስ ፋን የሚባለው የፊት ማራገቢያ ምላጮች ጫፍ ይታያል፤ ወፍ ወይም ጠጠር የነካው ምላጭ ጠርዙ ይጎደጉዳል። የዘይት ፍሳሽ፣ የነዳጅ ሽታ። ከዚያ ጎንበስ፦ ካውል የሚባለው የሞተር ሽፋን መቆለፊያዎች ያሉት ከሥር፣ ሆዱ ላይ ነው። በ2013 ግንቦት ለንደን ሂትሮው ላይ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ኤ319 የሁለቱም ሞተሮች ካውል ሳይቆለፍ ተነስቶ፣ ሽፋኖቹ ተገንጥለው ሄዱ፤ አንዱ ሞተር እሳት ያዘው፣ ተመልሶ አረፈ። ሌሊት ቴክኒሻኖቹ ካውሉን ከፍተው ዘይት ሊያመጡ ሄዱ፣ ሲመለሱ የሄዱት ወደ ሌላ አውሮፕላን ነው። የዚያኛው ተቆልፎ ስላገኙት ሰው የቆለፈላቸው መሰላቸው። ጠዋት የዞረው ረዳት አብራሪም አልፎታል። ቆመህ ስታየው የተዘጋ ነው የሚመስለው፤ ተንበርክከህ ስታይ ነው ክፍተቱ የሚገኘው። ሱሪ ይቆሸሻል፣ ይቆሸሽ።

ጎማና ብሬክ። እያንዳንዱ ዋና ጎማ ብሬክ ላይ ትንሽ ዘንግ አለች፤ ብሬኩ በተበላ ቁጥር ወደ ውስጥ ትገባለች። ከማቀፊያዋ ጋር እኩል ከሆነች ብሬኩ ይቀየራል። ግን ይህች ዘንግ የሚታመን ነገር የምትነግርህ ብሬኩ በግፊት ተይዞ ሳለ ብቻ ነው፤ ፓርኪንግ ብሬኩን ቀደም ብለን የያዝነው ለዚህ ነው። ቦሌ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አየር ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስለሳሳ ኮክፒት ውስጥ የሚነበበው ፍጥነት አንድ ሆኖ ሳለ መሬት ላይ የሚሮጠው በግምት 15 በመቶ ይበልጣል። ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ፣ ብሬኩ የሚሸከመው ወደ 30 በመቶ ያህል ጨምሯል ማለት ነው። ጎማውም የፍጥነት ጣሪያ አለው።

በረዶ ባለበት አገር ደግሞ የክንፉ የላይኛው ገጽ ንጹሕ መሆን አለበት፤ እንደ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት የምትሆን ስስ ውርጭ እስከ 30 በመቶ የማንሳት አቅም ትወስዳለች። በ737 ከክንፉ ሥር፣ የነዳጅ ታንኩ አካባቢ እስከ 3 ሚሊሜትር ውርጭ ይፈቀዳል። ከላይ ግን የለም።

አንድ ነገር ከተገኘስ? ቴክኒሻን ይጠራል፣ ሎጉ ላይ ይጻፋል። ሳይጠገን መብረር የሚቻልበትን የሚወስነው ኤምኢኤል የሚባለው ዝርዝር ነው፦ ምድብ ቢ የሆነ ብልሽት በ3 ቀን፣ ምድብ ሲ በ10 ቀን፣ ዲ በ120 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት፤ ችግሩ የተገኘበት ቀን አይቆጠርም። ምድብ ኤ ጊዜው እዚያው በየዕቃው ተጽፏል። እናም ዝርዝሩ ቢፈቅድም፣ የዛሬው አየር፣ የዛሬው መንገድ አይሆንም ካለ ካፒቴኑ እምቢ የማለት መብት አለው። ተርሚናል ውስጥ «በቴክኒክ ምክንያት ዘግይቷል» ሲባል ከምትሰሟቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ክፍል ነዳጅ እንዴት እንደሚቆጠር እናያለን፤ ሰላም ሁኑ።