ልጆቻችሁን ይዤ ስነዳ አትደውሉልኝ

ክብርት ርዕሰ መምህርት፣ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ ውድ ወላጆች፤

እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ።

ኮሚቴው ስለ ሰርቪስ ደህንነት አጭር ንግግር እንዳዘጋጅ ጠይቆኛል። የክፍያውና የመነሻ ሰዓቱ ወረቀት እጃችሁ ላይ ስላለ እሱን አልደግመውም። ዛሬ የመጣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ለስልክ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ታላላቆቹን አመላልሼ ዛሬ ታናናሾቹን የሰጣችሁኝ አላችሁ። ቤታችሁ ቡና ጠጥቻለሁ። ስለዚህ በግልጽ ብናገር እንደማትቀየሙኝ አምናለሁ።

ባለፈው ሰኔ ነው፣ የፈተና ሰሞን። ጠዋት ዝናብ ይጥላል። ከሾላ ተነስተን፣ እንግሊዝ ኤምባሲን አልፈን፣ የቀበናን ቁልቁለት ጀምረናል። መስታወቱ በልጆቹ ትንፋሽ ጉም ለብሷል። አንዱ ምሳ ዕቃው ተከፍቶበት ወጡ ደብተሩ ላይ ፈሷል፤ ያለቅሳል። ረዳታችን እሱን ልትጠርግ ወደ ኋላ ሄዳለች። በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ። አላነሳሁም። ዘጋ፣ እንደገና ጠራ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ ስክሪኑን አየና «ጋሼ፣ እማዬ ናት!» አለ። ቀበቶውን ፈታ። ስልኩን ሊያነሳልኝ በወንበሮቹ መሃል ተንጠራራ።

ልክ በዚያች ቅጽበት አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ፊታቸው ላይ ደፋ አድርገው ዜብራው ውስጥ ገቡ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ። ረዳታችን የልጁን ሹራብ ከኋላ ጨምድዳ ባትይዘው ኖሮ ግንባሩ ከዳሽቦርዱ ጋር ይላተም ነበር። ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን ተሻገሩ። ስልኩ አሁንም ይጠራል።

ትምህርት ቤት በር ላይ አቁሜ ደወልኩ። እናት የፈለገችው ልጇ ሹራብ መልበሱን ለማወቅ ነበር።

ስም አልጠራም። ደግሞም እሷ ብቻ አይደለችም። «የት ደረሳችሁ?» «ምሳውን ይዟል?» «ዛሬ አክስቱ ጋ አውርደው።» ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ልክ መንገዱ ሲጨናነቅ፣ ስልኬ ፋታ የለውም። የምትደውሉት ለልጃችሁ አስባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጃችሁ ግን ያለው እኔ በያዝኩት መሪ ሥር ነው።

እስኪ አብረን እናስላ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ማን እንደደወለ ለማየት 3 ሰከንድ ዓይኔን ከመንገዱ ብነቅል፣ 33 ሜትር ሳላይ ነዳሁ ማለት ነው። ከዚህ አዳራሽ በር እስከ ባንዲራው መስቀያ ማለት ነው። በዚያ መሃል ስንት ልጅ መንገድ ይሻገራል?

«በጆሮ ማዳመጫ አውራ» ያላችሁኝም አላችሁ። እጄ መሪው ላይ ቢሆንም ሐሳቤ እናንተ ጋ ይሄዳል። ልዩነቱን ላስረዳችሁ። ጋቢና የተቀመጠ ትልቅ ሰው እያወራኝ ሲኖትራክ ድንገት ቢታጠፍ እሱም ያየዋል፤ ወሬውን ያቆማል፤ «ተጠንቀቅ!» ይለኛል። ስልክ ላይ ያለ ሰው መንገዱን አያይም። ባጃጅ ገብቶብኝ ስታገል እሱ መልስ ይጠብቃል። «ሃሎ? ሃሎ? አትሰማኝም እንዴ?» ይላል።

ሕጉም አለ። እየነዱ ስልክ ማውራት ክልክል መሆኑ በትራፊክ ደንቡ ተጽፏል። ትራፊክ ፖሊስ ሲይዘኝ የምቀጣው እኔ ነኝ፣ የደወለልኝ ሰው አይደለም። እሱስ ይሁን፣ ቅጣት ይከፈላል። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት «ስልክ የማያነሳ ሹፌር» ተብዬ ለኮሚቴ ተከስሻለሁ! አዎ፣ አላነሳም! ዘንድሮም አላነሳም! ልጅ ጭኖ ስልክ የሚያነሳ ሹፌር ካያችሁ ያኔ ክሰሱ! ያኔ ልጃችሁን ከመኪናው አውርዱ!

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። ልጆቹ ሲጣሉ ወይም አንዱ ሲያመው ወደ ኋላ ዞሬ አልቆጣም፤ ጥግ ይዤ አቆማለሁ። በዚህ ምክንያት 5 ደቂቃ ብንዘገይ ታገሱን። «አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ጨምርልኝ» የሚለውን ዘንድሮ አንጀምረው። ወንበርና ቀበቶ የሌለው ልጅ አይገባም። ቀበቶ መፍታት እንደማይቻል እናንተም ቤት ንገሯቸው።

ረዳታችን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍታለች። ልጆቹ ግቢ እንደገቡ እዚያ ላይ ትጽፋለች፤ ማታም የመጨረሻው ልጅ ሲወርድ እንዲሁ። ቁጥሯ በወረቀቱ ጀርባ አለ። አስቸኳይ ነገር ካለ ለእሷ ደውሉ። ካላነሳች ልጅ ይዛለች ማለት ነው፤ መኪናው ሲቆም መልሳ ትደውላለች። የሚወርድበት ቦታ የሚቀየር ልጅ ካለ ከመነሳታችን በፊት ይነገረን። የእኔ ስልክ ጠፍቶ ኪሴ ውስጥ ነው የሚሆነው።

ሰኞ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ በየደጃችሁ እመጣለሁ። ልጆቹን አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ። አመሰግናለሁ።