ዳዊት ስንደግም፣ ኢየሩሳሌምን ስናይ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ኢየሩሳሌም ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን የሚያስተምሩትና ጎብኚዎችን የሚመሩት እንግዳችን በስልክ ለደረሱን ጥያቄዎች የሰጡት መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን፣ የመዝሙሮቹም ቁጥር በዕብራይስጡ አቆጣጠር ነው።

ከነታንያ፦ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በዕብራይስጡ መዝሙረ ዳዊት (ተሂሊም) 23ኛ ነው፤ እናቴ በምትደግመው የግዕዝ ዳዊት ግን 22ኛ። የቱ ነው የተሳሳተው?

አንዱም አልተሳሳተም። የግዕዙ የግሪኩን ትርጉም አቆጣጠር ይከተላል፤ ግሪኩ 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ከዚያ ወዲህ አብዛኛው በአንድ ዝቅ ይላል። ከ148 ጀምሮ መልሰው ይገናኛሉ። ከእናትሽ ጋር ስትጸልዩ በቁጥር ሳይሆን በመጀመሪያው ስንኝ ተጠራሩ።

ከአዲስ አበባ፦ 151ኛው መዝሙር የእኛ ጭማሪ ነው ይሉናል። እውነት ነው?

አይደለም። በግሪኩም አለ። በ1956 ከሙት ባሕር አጠገብ፣ ኩምራን 11ኛው ዋሻ ውስጥ የተገኘው ጥቅል ደግሞ በዕብራይስጥ ይዞታል። አይሁድ መጽሐፉን በ150 ይዘጋሉ፤ ያንንም እናክብር።

ከሎድ፦ ኢየሩሳሌም መግቢያ ላይ ያለው ባለ ገመዱ ድልድይ የዳዊት በገና ነው? ሳልፍ ብጸልይ ነውር አለው?

በ2008 የተመረቀ፣ የአርክቴክቱ የሳንቲያጎ ካላትራቫ ሥራ ነው። ምሰሶው 118 ሜትር ነው፤ 66 ገመዶች አሉት። ብዙ ሰው በገና ይታየዋል፤ ለእኔም ይታየኛል። ድልድዩን አትሳለመው እንጂ መጸለይ ምን ነውር አለው! ባቡሩ ወደ ከተማው ሲያስገባህ ከ120 እስከ 134 ያሉትን፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ተጓዦች ይዘምሯቸው የነበሩትን በል። 122ን ስትል ግን «ደስ አለኝ» ላይ አታቁም፤ መጨረሻው ለከተማይቱ ሰላም መለመን ነው። ሁልጊዜ እንደምለው፣ ምዕራፉን ሙሉ አንብቡ።

ከአሽዶድ፦ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ኢየሩሳሌም ሃዳሳ ሆስፒታል፣ ባለ ቀለሞቹ የምኩራብ መስኮቶች ፊት ተቀምጣ መዝሙር 91ን ከደገመች ወዲህ «ቀለል ብሎኛል» ብላ ኢንሱሊኗን ትታለች። እምነቷን እንዳልነካ ፈራሁ።

እኅቴ፣ ይህን ስልክ እንደዘጋሽ ለሐኪሟ ደውዪ። የሚያስመልሳት፣ ትንፋሿ የሚፈጥን፣ የምትፈዝ ወይም ግራ የምትጋባ ከሆነ ሐኪም አትጠብቂ፤ 101 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ። ኢንሱሊን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሰው ይገድላል። ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያስጨንቀኛል።

ስለ መስኮቶቹ ልንገርሽ። ሠዓሊው ማርክ ሻጋል የሠራቸው 12 ናቸው፣ በ1962 ተመረቁ። መነሻቸው ያዕቆብ ሊሞት ሲል ልጆቹን የባረከበት ዘፍጥረት 49 እና የሙሴ ቡራኬ ነው። የሰው መልክ የለባቸውም፤ እንስሳ፣ ዓሣ፣ አበባና ብርሃን ብቻ። በ1967 ጦርነት አንዳንዶቹ ተጎድተው ሻጋል ራሱ አድሷቸዋል። እናትሽ እዚያ ተቀምጣ የአባት ቡራኬ ከተሰማት እውነት ተሰምቷታል፣ አትከራከሪያት። ግን ምኩራቡ የት እንዳለ ተመልከቺ፤ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው! የሠሩት ሰዎች ጸሎትን ከሕክምናው አጠገብ አኖሩት እንጂ በሕክምናው ፋንታ አላኖሩትም።

መዝሙር 91 «ክፉ ነገር ወደ አንተ አይቀርብም» ይላል፤ ሰው ይቺን ቆርጦ ይወስዳታል። ክርስቲያን አድማጮቼ፣ ከዚሁ መዝሙር ቆርጦ ጌታን «ራስህን ወደ ታች ወርውር» ያለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሙሉው ምዕራፍ ግን «በመከራውም ጊዜ ከእርሱ ጋር እሆናለሁ» ይላል፤ መከራ አይመጣም አላለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ እዚሁ ኢየሩሳሌም ታሞ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን እንደ ሰማ ነገረው። ያም ሆኖ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ እባጩ ላይ አስደረገለት። ጸሎቱ ተሰምቶም መድኃኒቱ አልቀረም። 2ኛ ነገሥት 20 ነው፤ ለእናትሽ አንብቢላት። ከዚያ መርፌዋን አቀብያት፣ 91ንም አብራችሁ ድገሙ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሟ ብቻ ነው፤ እኔም አይደለሁም፣ ጎረቤትም አይደለም።

ከዋሽንግተን፦ ሥዕል ፊት ስቆም ምንም አይሰማኝም። እምነቴ ደክሞ ይሆን?

አልደከመም። ፎቶ ማንሳቱን ተወውና ከሻጋል መስኮቶች አንዱን ብቻ መርጠህ ፊቱ ቁጭ በል።

ከሪሾን፦ ጎረቤቴ በሐሰት ከሶኛል። መዝሙር 109ን ልድገምበት?

ወንድሜ፣ በሰው ላይ ዳዊት አይደገምም። በሐሰት የተከሰሰ ሰው ምሬቱን ለእግዚአብሔር ያፈሰሰበት መዝሙር ነው እንጂ የምትወረውረው ድንጋይ አይደለም። እርግማኑን ቆርጠህ የወሰድከው ምዕራፉን ስላልጨረስከው ነው፤ ቁጥር 28 ላይ «እነርሱ ይራገማሉ፣ አንተ ግን ባርክ» ይላል። ጸልይ፣ አልቅስም። ክሱን በተመለከተ ግን ነገ ጠዋት ጠበቃ ጋ ሂድ፤ ወረቀቶችህንም ይዘህ።